የሕፃን ደም ማነስ ከራይቦዞም ሲነሳ፦ ደም ከመሰጠቱ በፊትና በኋላ ምን ይሠራ? ለሀዋሳና አካባቢዋ ባለሙያዎች ዝርዝር መመሪያ

ጊዜውን ጠብቆ የተወለደ የሦስት ወር ሕፃን ነጥቶ፣ ጡት መጥባት እየደከመው ይመጣል፤ ሄሞግሎቢኑ በዴሲ ሊትር 4 ግራም ነው። በሀዋሳና በዙሪያዋ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ፣ ቀጥሎ የብረት እጥረት ነው። ወባን ማሰብ ግድ ነው። ብረትን በተመለከተ ግን ጤነኛ ሆኖ በጊዜው የተወለደ ሕፃን ከእናቱ ይዞት የሚመጣው ክምችት ከ4 እስከ 6 ወር ያደርሰዋል፤ በሦስት ወሩ በብረት እጥረት ብቻ እንዲህ አይነጣም። ችግሩ የሚጀምረው ሬቲኩሎሳይት (ከመቅኔ ገና የወጣ ወጣት ቀይ የደም ሴል) ሳይቆጠር ደም ሲሰቀልና የብረት ሽሮፕ ሲታዘዝ ነው። ለጥቂት ሳምንታት መልኩ ይመለሳል፣ ደግሞ ይነጣል፣ ደግሞ ደም ይሰጠዋል። ዳይመንድ ብላክፋን አኒሚያ የሚባለው የራይቦዞም በሽታ በዚህ መንገድ ስሙ ሳይጠራ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ።

በሽታው ብርቅ ነው፤ በሕይወት ከሚወለዱ ከሚሊዮን ሕፃናት ከ5 እስከ 7 የሚሆኑትን ይይዛል። ምርመራው የሚያዘውም የሚያመልጠውም ግን በአንድ አጭር ጊዜ ውስጥ ነው፦ የመጀመሪያው ደም ከመሰቀሉ በፊት። ለዚህም ነው ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል ሳይዛነፍ እንዲሠራ የምንወተውተው።

በሴሉ ውስጥ የሚበላሸው ምንድን ነው?

ሴል ፕሮቲን ሁሉ የሚሠራው በራይቦዞም ነው። የሰው ራይቦዞም ከ4 የአርኤንኤ ሰንሰለቶችና ከ80 ፕሮቲኖች ይገጣጠማል። 33ቱ ፕሮቲኖች 40ኤስ በሚባለው ትንሹ ክፍል፣ 47ቱ ደግሞ 60ኤስ በሚባለው ትልቁ ክፍል ውስጥ ናቸው። ከ33ቱ አንዱ አርፒኤስ19 ነው፤ 145 አሚኖ አሲድ ያለው ትንሽ ፕሮቲን፣ ጂኑ በ19ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ዳይመንድና ብላክፋን በሽታውን የገለጹት በ1938 ቢሆንም የመጀመሪያው ጂን፣ ይኸው አርፒኤስ19፣ የታወቀው በ1999 ነው።

ከሁለቱ የጂን ቅጂዎች የሚበላሸው አንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ አርፒኤስ19 ፈጽሞ አይጠፋም፣ ይጎድላል እንጂ። በአይጥ ላይ ሁለቱም ቅጂዎች ሲጠፉ ፅንሱ ገና ከጅምሩ ይሞታል። ጉድለቱ መጀመሪያ የሚታየው በኒውክሊዮለስ ውስጥ ነው። እዚያ አንድ ረጅም የአርኤንኤ ሰንሰለት ደረጃ በደረጃ ተቆራርጦ ለትንሹ ክፍል የሚሆነው 18ኤስ አርኤንኤ ይወጣል። አርፒኤስ19 ሲያንስ ቆረጣው 21ኤስ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ 21ኤስ ይከማቻል፣ 40ኤስ ያንሳል።

ከዚህ በኋላ ሴሉን የሚጎዱ ነገሮች ተከታትለው ይመጣሉ። ቦታቸውን ያጡት አርፒኤል5ና አርፒኤል11 ከ5ኤስ አርኤንኤ ጋር ተጣምረው ኤምዲኤም2 የተባለውን ፕሮቲን ይይዛሉ። ኤምዲኤም2 ፒ53ን የሚያስወግድ ፕሮቲን ስለሆነ፣ እሱ ሲያዝ ፒ53 ይጠራቀማል፤ ሴሉ መከፋፈሉን ያቆማል ወይም ይሞታል። በሌላ በኩል የራይቦዞም ቁጥር ሲቀንስ ሁሉም ፕሮቲን እኩል አይጎዳም። ቀይ የደም ሴል እንዲበስል የሚያዘው ጋታ1 ከሌሎቹ ይበልጥ ይቀንሳል። ሦስተኛው ጉዳት የሚመጣው ከሂም ነው፤ ሂም ብረት የያዘው የሄሞግሎቢን ክፍል ሲሆን ግሎቢን ደግሞ የፕሮቲን ክፍሉ ነው። ሂም በጊዜው ይመረታል፤ ግሎቢን ግን በራይቦዞም ማነስ ምክንያት ይዘገያል። ግሎቢን ያላገኘ ሂም ለሴሉ መርዝ ነው።

አዋቂ ሰው በየሰከንዱ ሁለት ሚሊዮን ያህል አዲስ ቀይ የደም ሴል ይሠራል፤ እያንዳንዱም በሄሞግሎቢን የታጨቀ ነው። ሁሉም የሰውነት ሴል ጉድለቱን ተሸክሞ ሳለ መጀመሪያ የሚወድቀው የቀይ ደም መስመር የሆነው በዚህ ጥድፊያ ነው። ነጭ የደም ሴልና ፕላትሌት አብዛኛውን ጊዜ ደህና ናቸው፤ ይህም በምርመራው ላይ ትልቅ ምልክት ነው።

ደረጃ 1፦ ደሙ ከመሰቀሉ በፊት ናሙና ያዙ

ካኑላ በሚገባበት በዚያው ቅጽበት ቅዱ። ልጁ ልቡ እየደከመ፣ እያቃተተ ከመጣ ደሙን ለምርመራ ብላችሁ አታዘግዩ፤ ናሙናውን ለመቅዳት የሚያስፈልገው ሁለት ደቂቃ ነው። የሚከተለውን ያዙ፦

- 1 ሚሊ ሊትር በኢዲቲኤ ቱቦ፣ ወይን ጠጅ ክዳን ባለው፦ ለሲቢሲ (ሙሉ የደም ሴል ቆጠራ)፣ ለሬቲኩሎሳይትና ለስሚር (በስላይድ ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ለሚታይ ደም)።
- 2 ሚሊ ሊትር በሌላ የኢዲቲኤ ቱቦ፦ ለዲኤንኤ። «ከደም በፊት» ብላችሁ ቀንና ሰዓት ጻፉበትና በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ አቆዩት።
- ለደም ዓይነትና ለክሮስማች የሚበቃ። ከተቻለ ከኤቢኦና ከአርኤች ዲ ሌላ ያሉት የአርኤችና የኬል አንቲጂኖችም አሁኑኑ ይታዩ፤ ልጁ ለዓመታት ደም ሊወስድ ይችላል።
- ሴረም፦ ለፓርቮቫይረስ ቢ19 (የቀይ ሴል ምርትን የሚያቆም ቫይረስ) ምርመራና ለፌሪቲን (የብረት ክምችት መለኪያ)።

ወላጆች «ደም የለውም እያላችሁ ደግሞ ትቀዱታላችሁ?» ብለው መጨነቃቸው አይቀርም፤ ያስጨንቃልም። አምስት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በሰውነቱ 400 ሚሊ ሊትር ያህል ደም አለው፤ የሚቀዳው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ብቻ መሆኑን በእርጋታ ንገሯቸው። ቤተሰቡ ከገጠር መጥቶ ሲዳሙ አፎ ብቻ የሚናገር ከሆነ ይህንን የሚያስረዳ ሰው ቀድማችሁ ጥሩ።

ደም ከተሰጠ በኋላ ምን ይበላሻል? ኤምሲቪ (የቀይ ሴል አማካይ መጠን) የለጋሹን ሴል መጠን ያሳያል። የፅንስ ሄሞግሎቢን በለጋሹ ደም ተበርዞ ይቀንሳል። በዚህ በሽታ በአብዛኞቹ ታማሚዎች ከፍ የሚለው በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው አዴኖሲን ዲአሚኔዝ የተባለው ኢንዛይም በለጋሹ ሴል ይሸፈናል። የፓርቮቫይረስ ፀረ እንግዳ አካልም ከለጋሹ ሊመጣ ይችላል። ናሙናው ካመለጠ ለጂን ምርመራ ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ የተወሰደ ናሙና ይሻላል፤ ለሌሎቹ ግን ቀጣዩን ደም እስኪፈልግ ጠብቆ፣ ከዚያ በፊት መቅዳት ነው።

ደረጃ 2፦ ሲቢሲውን በዕድሜው ልክ አንብቡ

ማሽኑ የሚያትመው መደበኛ መጠን ብዙ ጊዜ የአዋቂ ነው። ኤምሲቪ 98 ሲወጣ አጠገቡ ምንም ምልክት አይኖርም፤ ወረቀቱን ያየ ሁሉ ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል። የሕፃን ኤምሲቪ ግን በአማካይ ሲወለድ 108፣ በሁለት ወር 96፣ ከ3 እስከ 6 ወር 91፣ ከዚያ እስከ ሁለት ዓመት 78 ገደማ ነው። ስለዚህ በስምንት ወር ሕፃን 98 ትልቅ ሴል ነው፤ በሁለት ወር ሕፃን ግን ምንም አይናገርም። የዕድሜውን ቁጥር ከማሽኑ አጠገብ ለጥፉት።

ሄሞግሎቢንም እንዲሁ ነው። በጤነኛ ሕፃን በሁለት ወር አካባቢ ወደ 11 ይወርዳል፣ 9 ድረስም ሊደርስ ይችላል፤ ከዚያ በራሱ ይነሳል። ከ9 በታች ከሆነ፣ ወይም ከሦስት ወር በኋላም መውረዱን ከቀጠለ፣ የተለመደ ነው ተብሎ አይታለፍም።

ነጭ ሴልና ፕላትሌትን ተመልከቱ። ሁለቱም ደህና ሆነው ቀዩ ብቻ ከወደቀ ወደ ቀጣዩ ደረጃ እለፉ። ሦስቱም ከወደቁ ሐሳባችሁ ወደ ሌላ ይሂድ፦ ሉኪሚያ፣ ፋንኮኒ አኒሚያ፣ ከባድ ኢንፌክሽን።

ደረጃ 3፦ ሬቲኩሎሳይት መቁጠር

በእኛ ግምት ከሁሉም ርካሹና ከሁሉም የሚረሳው ምርመራ ይህ ነው። ማሽኑ ሬቲኩሎሳይት የማይቆጥር ቢሆን እንኳ ኒው ሜቲሊን ብሉና ማይክሮስኮፕ ይበቃሉ።

ማቅለሚያውን መጀመሪያ በማጣሪያ ወረቀት አጥሩት። በትንሽ ቱቦ ሦስት ጠብታ ማቅለሚያና ሦስት ጠብታ የኢዲቲኤ ደም ቀላቅሉ። በ37 ዲግሪ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አቆዩ። ከዚያ ቱቦውን እንደገና በደንብ አገላብጡ፤ ይህ የሚዘለል እርምጃ ነው። ሬቲኩሎሳይት ከጎልማሳው ሴል ቀለል ስለሚል ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሳይቀላቀል ከላይ ከተወሰደ ውጤቱ ያለ አግባብ ይበዛል፣ ከታች ከተወሰደ ያንሳል። ስስ ስሚር ሥሩ፣ በአየር ይድረቅ፣ በዘይት ሌንስ በ100 አጉልታችሁ ሴሎቹ ሳይደራረቡ ተጠጋግተው የተኙበትን ቦታ ፈልጉ።

ሬቲኩሎሳይት በውስጡ ሰማያዊ መረብ ወይም ቢያንስ ሁለት ሰማያዊ ነጥቦች ያሉት ሴል ነው። ያ ሰማያዊ መረብ ራሱ የራይቦዞም አርኤንኤ ቅሪት ነው፤ በዚህ ምርመራ የምትቆጥሩት እንግዲህ ገና ራይቦዞሙን ያልጣለ ወጣት ሴል ነው። የማቅለሚያ ዝቃጭ ሴሉ ላይ ተቀምጦ ያሳስታል፤ ማይክሮስኮፑን ወደ ላይና ወደ ታች ስታንቀሳቅሱ ዝቃጩ ከሴሉ በላይ ያብረቀርቃል፣ መረቡ ግን ከሴሉ ጋር አብሮ ይጠራል።

አብዛኛው ሰው 1000 ሴል ቆጥሮ ያቆማል። ውጤቱ 0.5 በመቶ ከሆነ ይህ ማለት አምስት ሴል ብቻ አይታችኋል ማለት ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ሴል ብትስቱ መልሱ ይለወጣል። ዝቅ ሲል ከሁለት ስላይድ 1000፣ 1000 ቁጠሩና አማካዩን ውሰዱ። የሁለቱ ልዩነት ሰፊ ከሆነ ሦስተኛ ስላይድ ሥሩ።

መቶኛውን ብቻ አትላኩ። የቀይ ሴሉ ቁጥር 1.2 ሚሊዮን በማይክሮ ሊትር፣ ሬቲኩሎሳይቱ 0.5 በመቶ ከሆነ፣ ትክክለኛው ቁጥር 6,000 ነው። 2 በመቶ ቢሆን እንኳ 24,000 ነው። ሄሞግሎቢኑ 4 የሆነ ሕፃን መቅኔው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ከ100,000 በላይ በወጣ ነበር። በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ ከ20,000 በታች ነው። ስለዚህ «2 በመቶ፣ ደህና ነው» የሚለው ንባብ ሐኪሙን ያሳስታል።

የቆየ ደም አትጠቀሙ። ሬቲኩሎሳይት በቱቦ ውስጥም መብሰሉን ስለሚቀጥል፣ ከጤና ጣቢያ ተልኮ በሙቀት ያደረ ናሙና ቁጥሩ ያለ በሽታ ይወርዳል።

ደረጃ 4፦ የሚመስሉትን አንድ በአንድ አውጡ

ወባን በወፍራምና በስስ ስሚር እዩ፤ ፋልሲፓረምም ቫይቫክስም በአካባቢው አሉ። ወባ ሬቲኩሎሳይትን ለጊዜው ሊያወርድ ይችላል፤ ግን ፕላትሌቱም ብዙ ጊዜ ይወርዳል፣ ከሕክምናው በኋላም ሬቲኩሎሳይቱ በቀናት ውስጥ ይነሳል። ካልተነሳ ወባው ብቻውን አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ ከወባ ሕክምና በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ቆጠራው ይደገም።

እናት ከኤችአይቪ ጋር የምትኖር ከሆነ ሕፃኑ ዚዶቩዲን መውሰዱን ጠይቁ። ይህ መድኃኒት ሴሉን አተልቆ ሄሞግሎቢንን ያወርዳል፤ ከዳይመንድ ብላክፋን ለመለየት የመድኃኒቱን ካርድ ከማየት የቀለለ መንገድ የለም። የሕፃኑ የራሱ የኤችአይቪ ምርመራም ይታይ።

የቢ12 እጥረት የሚመጣው እናት ለረጅም ጊዜ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ርቃ ልጁን ጡት ብቻ ስታጠባ ነው። በስሚሩ ላይ ኒውክሊየሳቸው አምስትና ከዚያ በላይ የተከፋፈለ ኒውትሮፊሎች ይታያሉ፤ ነጭ ሴልና ፕላትሌትም አብረው ሊወርዱ ይችላሉ።

ልጁ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖ ቀድሞ ጤነኛ ከነበረ፣ ኤምሲቪውም ለዕድሜው ልክ ከሆነ፣ ጊዜያዊ የቀይ ሴል መቋረጥ ይበልጥ ይገመታል። ይህ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ በራሱ ይድናል፤ ለዚህ ልጅ የዳይመንድ ብላክፋን ሕክምና የሆነውን ስቴሮይድ (ደረጃ 8) መጀመር ጉዳት ብቻ ነው። በየሳምንቱ ሬቲኩሎሳይት መቁጠር ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ልጁንና ቤተሰቡን መመርመር

ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በተፈጥሮ የመጣ የአካል ልዩነት አላቸው። አውራ ጣትን በደንብ እዩ፦ ቀጭን፣ ሁለት የሆነ፣ ወይም እንደ ሌሎቹ ጣቶች ሦስት አንጓ ያለው። የመዳፉ ሥጋ በአውራ ጣት ሥር ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል። የላንቃ ስንጥቅ፣ የልብ ቀዳዳ፣ የኩላሊት ቅርጽ፣ የቁመት ማጠር ይታዩ፤ የልብና የሆድ አልትራሳውንድ እዘዙ። የላንቃ ስንጥቅ ካለ ጉዳዩ ከአርፒኤስ19 ይልቅ ወደ አርፒኤል5 ያመዝናል። የአውራ ጣት ጉድለት በፋንኮኒ አኒሚያም ስለሚታይ፣ የሚቻል ከሆነ የክሮሞሶም መሰባበር ምርመራ ይላክ።

ወላጆችን ስትጠይቁ «የደም ማነስ በሽታ በዘር አለ?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ «የለም» የሚል መልስ ብቻ ያመጣል። «እርስዎ ወይም ባለቤትዎ በልጅነት ደም ወስዳችሁ ታውቃላችሁ? በእርግዝና ወቅት ደም አነሰሽ ብለውዎት ነበር? ከወንድም ከእህት በሕፃንነቱ ነጥቶ ያረፈ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከግማሽ በታች በሆኑት ታማሚዎች ጉድለቱ ከወላጅ የተወረሰ ነው፤ ወላጁም ምንም ምልክት ላይኖረው ይችላል። ስለዚህ የሁለቱንም ሲቢሲ እዘዙ። እዚህ ላይ የሀዋሳ ከፍታ ይቆጠራል፦ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች፣ በ2024ቱ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ከሄሞግሎቢኑ 1.1 ይቀነሳል። እናት 12.5 ብትሆን 11.4 ተብሎ ይነበባል፤ ነፍሰ ጡር ላልሆነች ሴት ወሰኑ 12 ነውና ይህች እናት ደም አንሷታል። ኤምሲቪዋም ከፍ ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ደረጃ 6፦ መቅኔ

ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ። ከጀርባ በኩል ካለው የዳሌ አጥንት፣ በትንንሾቹ ደግሞ ከጉልበት በታች ካለው የቅልጥም አጥንት ይወሰዳል። የደረት አጥንት ለሕፃን አይነካም። የሚጠበቀው፦ የሴል ብዛቱ ደህና፣ የነጭ ሴልና የፕላትሌት መስመር ደህና፣ የቀይ ሴል እናት ሴሎች ከ5 በመቶ በታች። ግዙፍ የቀይ እናት ሴሎች ከታዩ ፓርቮቫይረስን፣ በሴሎቹ ውስጥ ክፍት አረፋዎች ከታዩ ፒርሰን ሲንድሮምን አስቡ። የሕፃን መቅኔ በተፈጥሮው ብዙ ሊምፎሳይት ስላለው ቸኩሎ «ሉኪሚያ» ማለትም ያጋጥማል።

ደረጃ 7፦ የጂን ውጤት ከመጣ

ከአራት ታማሚዎች በአንዱ ያህል የሚገኘው አርፒኤስ19 ነው። ቀጥለው አርፒኤል5፣ አርፒኤስ26ና አርፒኤል11 ይመጣሉ። ጥቂቶች ላይ ጋታ1 ራሱ ይበላሻል፤ ይህ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ ወንዶችን ይይዛል። ተራው የዲኤንኤ ንባብ ፊደል ሲለወጥ ያያል እንጂ ጂኑ በሙሉ ወይም በከፊል ሲጎድል ላያይ ይችላል። ውጤቱ «አልተገኘም» ካለ የጂን ቅጂ ቁጥር መታየቱን ላቦራቶሪውን ጠይቁ። ያም ተደርጎ ምንም የማይገኝባቸው አሉ፤ ምልክቶቹ ከተሟሉ በሽታው በዚህ ምክንያት አይሰረዝም።

ደረጃ 8፦ ሕክምናው

የመጀመሪያው ዓመት በደም ይታለፋል። ሄሞግሎቢኑ ከ5 በታች ሆኖ ቀስ እያለ የወረደ ሕፃን ልቡ ለዚያ ተላምዷል፤ ብዙ ደም በፍጥነት ከተሰጠው ሳንባው በውኃ ይሞላል። በኪሎ 5 ሚሊ ሊትር የታመቀ ቀይ ሴል በ4 ሰዓት ስጡ፣ የልብ ምትና ትንፋሽ እዩ፣ ከዚያ ድገሙ። ከተረጋጋ በኋላ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር በየ3 እስከ 5 ሳምንቱ ይሰጣል። ቀጠሮው ልጁ እስኪነጣ አይጠበቅ፤ ሄሞግሎቢኑ ከ8 በታች ከዋለ እድገቱ ይጎዳል።

ስቴሮይድ ከአንድ ዓመት በፊት አይጀመር፤ ቁመትን ይገታል፣ ሕይወት ያላቸውን ክትባቶችም ያደናቅፋል። የኩፍኝ ክትባት በ9 እና በ15 ወር እንደሚሰጥ አስታውሳችሁ አስቀድማችሁ አሰናዱ። ከመጀመራችሁ በፊት ቤት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ መኖሩን ጠይቁ፣ ሰገራ ለስትሮንጂሎይድስ ይታይ፤ ይህ ትል በስቴሮይድ ሥር ሲሰራጭ ይገድላል። መጠኑ ፕሬድኒሶሎን በኪሎ 2 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ ጠዋት ነው፤ 10 ኪሎ ለሆነ ልጅ ባለ 5 ሚሊ ግራሙ 4 ፍሬ። ሬቲኩሎሳይት በየሳምንቱ ይቆጠር፤ መልሱ ካለ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይታያል። ከአምስት አራቱ ያህል መጀመሪያ ላይ ይመልሳሉ። ከተመለሰ በብዙ ሳምንታት ቀስ እያላችሁ በቀን በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራምና ከዚያ በታች አውርዱ። በአራት ሳምንት ምንም ካልታየ ከፍተኛውን መጠን አትቀጥሉ፤ ቀንሳችሁ አቁሙና ወደ ደም ተመለሱ። በዝቅተኛ መጠን የማይቆም ልጅ ላይ መጠኑን ከፍ አድርጎ ዓመታት መግፋት ከደሙ የከፋ ጉዳት ያደርሳል። ቤተሰቡ ክኒኑ ሲያልቅበት በድንገት እንዳያቋርጥ አጥብቃችሁ ንገሩ፤ የራሱን ስቴሮይድ የሚያመርተው አድሬናል እጢ ተኝቷልና ተራ ትኩሳት እንኳ ልጁን ሊጥለው ይችላል።

የብረት ሽሮፕ አይሰጥ፤ ይህን በልጁ ካርድ ላይ ጻፉት። አንድ ከረጢት ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይዟል፣ ሰውነት ደግሞ ትርፉን የሚያስወጣበት መንገድ የለውም፤ በጉበትና በልብ ይከማቻል። ከ10 እስከ 12 ጊዜ ደም ከተሰጠ፣ ወይም ፌሪቲኑ ከ1,000 ካለፈ፣ ብረት ማስወገጃ ይታሰብ፦ ዴፈራሲሮክስ በአፍ ወይም ዴፈሮክሳሚን በመርፌ። ዴፈሪፕሮን ነጭ ሴልን በድንገት ሊያጠፋ ስለሚችል ለእነዚህ ልጆች አይመረጥም። ፌሪቲን ልጁ ትኩሳት ባለበት ቀን አይለካ፤ በኢንፌክሽን ብቻ ይዘላል።

መቅኔ መቀየር የደሙን ችግር ያድናል። ወንድም ወይም እህት ለጋሽ ከታሰቡ ግን ጤነኛ መምሰላቸው አይበቃም፤ የልጁ ጂን ከታወቀ በእነሱም ላይ ይፈለግ፣ ካልታወቀ ሲቢሲ፣ ሬቲኩሎሳይትና አዴኖሲን ዲአሚኔዝ ይታይ። ዝምተኛ ተሸካሚ መቅኔ ከሰጠ በሽታው ተመልሶ ይተከላል።

ልጁ ወደ አዲስ አበባ ሲላክ

መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቤተሰቡ ደጋግሞ ሊመላለስበት አይችልም። ከሪፈር ወረቀቱ ጋር እነዚህ ይሂዱ፦ የመጀመሪያው ሲቢሲ ከማሽኑ የወጣው ወረቀት ራሱ፣ ትክክለኛው የሬቲኩሎሳይት ቁጥር፣ ከደም በፊት የተሠሩ ሁለት ያልቀለሙ ስሚሮች በሜታኖል ተጠብቀው፣ የዲኤንኤ ቱቦው በበረዶ መያዣ (በረዶው ቱቦውን እንዳይነካ በጨርቅ ይለይ)፣ እስካሁን የተሰጠው ደም ዝርዝር ከቀንና ከሚሊ ሊትር ጋር፣ የክትባት ካርዱ፣ የወላጆቹ ሲቢሲ። ደም የተሰጠው ከሦስት ወር ወዲህ ከሆነ ይህ በወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ፤ የሚቀበለው ሐኪም የሚያየው ኤምሲቪ የልጁ እንዳልሆነ ከዚያ ያውቃል።